ከበሮው ከጓዝ እንዳይቀር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የባህል ሙዚቃ ቡድኖች ለሠርግ፣ ለበዓልና ለኮንሰርት ወደ ውጭ አገር የሚጓዙበት ወቅት በተቃረበ ቁጥር እኛ ከበሮ መቺዎች እርስ በርሳችን የምናነሣውን፣ በጋዜጣ ላይ ግን ሲጻፍበት ያላየሁትን አንድ ጉዳይ ለአንባቢዎቻችሁ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ጉዳዩ ለመንገድ የሚሆን ከበሮ የመምረጥና የማሰናዳት ጉዳይ ነው። ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከአገር ውጭ በሚካሄዱ ዝግጅቶች ላይ እውነተኛ የከበሮ ድምፅ እየጠፋ የመጣበት ዋነኛ ምክንያት የአድማጭ ፍላጎት መቀነስ ሳይሆን የጓዝ ክብደት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቡድን ለጉዞ ሲሰናዳ ዕቃው ሁሉ ይመዘናል። ማሲንቆው በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ይያዛል፤ ክራሩ በልብስ ተደግፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ለዋሽንቱ የሻንጣ ጥግ ይበቃዋል። ከበሮው ላይ ሲደረስ ግን ክርክር ይነሣል። የአንድ ሰው ሙሉ የሻንጣ ድርሻ ይወስዳል፣ መጠኑ ካለፈ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል፣ ደርሶም ቆዳው ረግቦ ወይም ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት የቡድኑ ኃላፊ «ምቱን ኪቦርዱ ይሸፍነዋል» ይላል፤ ከበሮ መቺውም ራሱ ቪዛ ከሚጠየቅላቸው ሰዎች ዝርዝር ይወጣል። በየዓመቱ በሐምሌ ወር መግቢያ አካባቢ በሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያንን በሚያሰባስበው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በተመሠረተው የስፖርት ፌዴሬሽን በዓል ሰሞን በየከተማው የሚዘጋጁትን የሙዚቃ ምሽቶች የተከታተለ ሰው ከመድረኩ የሚሰማው ምት ምን ያህል ከማሽን የሚወጣ እንደሆነ ሳያስተውል አይቀርም።

ኪቦርድን የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን ኪቦርዱ ሊሰጥ የማይችለው ነገር አለ። የከበሮ ሁለት አፎች፣ ሰፊውና ጠባቡ፣ በሁለት እጅ እየተመላለሱ ሲመቱ የሚፈጠረው ችክችካ በጭፈራው መካከል እየጠበቀና እየላላ የሚሄድ፣ እስክስታ የሚመታውን ሰው ትከሻ እያየ የሚፋጠን ምት ነው። ከበሮ መቺው ከበሮውን አንግቶ ከሙሽሮቹ ፊት ይቆማል፣ ወደ ጨፋሪዎቹ ይጠጋል፣ ሲያስፈልግ ይንበረከካል። ምቱ የሚመራው በዓይንና በሰውነት ነው። ስለዚህ ከበሮው ከጓዝ ሲቀር የሚጎድለው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ጨዋታውን የሚመራው ሰው አብሮ ይጎድላል።

መፍትሔው በአብዛኛው በእኛው እጅ ነው፤ ከበሮን ከመንገድ ጋር ማስማማት ይቻላልና። ይህን የምለው ሌሎች ሕዝቦች ከእኛ በፊት ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸው እንዴት እንደተወጡት በማየት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ከቪብራፎን ጋር በአዲስ አበባ መድረክ ያስለመዱን ኮንጋ በትውልድ አገሩ በኩባ ቆዳው በምስማር ተመትቶ የሚያዝ ከበሮ ነበር፤ ቆዳው ሲረግብ መቺው በእሳት ወይም በሻማ ያሞቀው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካርሎስ ፓታቶ ቫልዴስን የመሰሉ ታላላቅ መቺዎች የተሳተፉበት ለውጥ መጣና ቆዳው በብረት ቀለበትና በብሎን የሚወጠር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርክ የተመሠረተው ላቲን ፐርከሽንን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ይህን አሠራር በዓለም ላይ አስፋፉት፤ ዛሬ ደግሞ ቀፎው፣ ማለትም ቆዳው የሚወጠርበት አካሉ፣ ከሞላ ጎደል የተወገደለት፣ በቦርሳ የሚያዝ የጉዞ ኮንጋ ሳይቀር ይሸጣል። በዚህ ሁሉ ኮንጋ ኮንጋነቱን አላጣም። የግብፅ ዳርቡካም ከሸክላና ከዓሣ ቆዳ ወደ አሉሚኒየምና ወደ ሰው ሠራሽ ቆዳ ተሸጋግሮ ይኸው በካይሮ ሠርግ ላይ እንደ ቀድሞው ይመታል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የደቡብ ሕንዱ ምሪዳንጋም ነው። እንደ ከበሯችን ሁለት አፍ ያለው፣ ከእንጨት የሚፈለፈልና በጠፍር ከአፍ እስከ አፍ የሚወጠር መሣሪያ ነው። ለብዙ ኮንሰርት የሚጓዙ የሕንድ መቺዎች ጠፍሩን በብሎንና በዳዶ የተካ፣ ለብቻ ተፈትቶ ቆዳውን መቺው ራሱ የሚለውጥበት ምሪዳንጋም መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ቀፎው ከእንጨት ይልቅ ከፋይበር ግላስ የተሠራም አለ። በቤተ መቅደሳቸውና በትልልቅ የጥንት ሥርዓት ኮንሰርቶቻቸው ጠፍር የተወጠረበትን ይዘው፣ ለመንገድ ግን በብሎን የሚፈታውን ያነሣሉ። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። እኔ ለከበሯችን የምመኘው ይህንኑ ዓይነት አካሄድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የምናገረው ስለ ዘፈንና ስለ ጭፈራ ከበሮ ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚቀርብበት ንዋየ ቅድሳት በመሆኑ አካሉ ሁሉ ትርጓሜ አለው፤ ሊቃውንት ሰፊውን አፍ የመለኮት፣ ጠባቡን የትስብእት ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ፤ በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር የጌታ ግርፋት ሰንበር ነው። እንዲህ ያለውን ከበሮ ጠፍሩን አውልቆ ብሎን ማስገባት ትርጓሜውን ማፍረስ ስለሚሆን ማንም ሊያስበው አይገባም። በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች ለማኅሌትና ለጥምቀት ከበሮ ሲያስልኩ ከዚህ በታች ስለ ቆዳ፣ ስለ ማሸጊያና ስለ ጉምሩክ የምጽፈው ሊጠቅማቸው ይችላል፤ ስለ ብሎን የምጽፈው ግን ለእነርሱ አይደለም።

ወደ ምርጫው ልግባ። ብዙ ተጓዥ ከበሮ የሚገዛው በመጨረሻው ሳምንት፣ በቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች ነው። እነዚያ ከበሮዎች ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ያምራሉ፤ ለዚያ ነው የተሠሩትም። ቀፏቸው ቀጭን፣ ቆዳቸው ስስ፣ ውጥረታቸውም ላላ ያለ በመሆኑ የአንድ ሙሉ ሌሊት ሠርግ ምት አይችሉም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከቤት ከምንመታው ትልቅ ከበሮ ውጭ ሌላ አንነካም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ከበሮ በአውሮፕላን የሚሄድበት ዘመን አልፏል። ብዙ አየር መንገዶች በነጻ የሚቀበሉት ሻንጣ ክብደቱ 23 ኪሎ ግራም፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ተነሥቼ ሳሰላ ሰፊ አፉ 35፣ ጠባብ አፉ 22፣ ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከበሮ በየጎኑ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ቢደረግለት እንኳ ድምሩ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፤ ለእጀታና ለጎማም ትንሽ ቦታ ይተርፋል። የ35 ሴንቲ ሜትር አፍ ለጎርናና ድምፅ ያንሳል የሚል ካለ ቆዳውን ይመልከት እንጂ ስፋቱን ብቻ አይመልከት። ወፈር ያለ የበሬ ቆዳ በመጠኑ ተወጥሮ፣ መካከሉ ላይ በውስጥ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ክብ የቆዳ ቁራጭ ቢለጠፍበት፣ ክብደቱ ድምፁን ወደ ታች ይስበዋል። ምሪዳንጋም መቺዎችም በግራው አፍ ላይ የተቦካ ሊጥ የሚለጥፉት ለዚሁ ነው። እኔ ዘዴውን በትንሽ ከበሮ ላይ ሞክሬው በድምፁ ረክቻለሁ።

ከበሮ ስንመርጥ ቀለሙን፣ ጥልፉንና ዛጎሉን ወደ ጎን ትቶ ቆዳውን ዙሪያውን በጣት ጫፍ መምታት ያስፈልጋል። ድምፁ በሁሉም ጠርዝ አንድ ዓይነት ካልሆነ ውጥረቱ እኩል አይደለም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ከበሮ የአየር ለውጥ ሲያገኘው ከላላው በኩል ይጨማደዳል ወይም ከጠበቀው በኩል ይቀደዳል። ቀፎው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ከሆነ በጠርዙ ላይ የፀጉር ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ በፀሐይ ብርሃን ይታይ። በተለምዶ የሚመረጠው ዋንዛ ነው፤ ሲደርቅ ቀለል የሚል፣ ለመፈልፈል የማያስቸግርና ድምፁ ክብ የሆነ እንጨት ስለሆነ ምርጫው ትክክል ነበር። ይሁንና ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው የነበሩ አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ ለአንድ ቀፎ የሚበቃ ወፍራም ግንድም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ቀፎን ከቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ አጋጥሞ፣ በብረት ቀበቶ አስሮ መሥራት ሊለመድ ይገባዋል። ኮንጋ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ከጣውላ የተገጣጠመ ቀፎ ከግንድ ከተፈለፈለው ቀጭንና ቀላል ሊሆን ይችላል፤ እንጨቱ በቅድሚያ በደንብ የደረቀ ከሆነም የመሰንጠቅ አደጋው ይቀንሳል። ጎበዝ አናጢ ያለበት ከተማ ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው፣ ቆዳ። ያልለፋ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ከልክ ካለፈም ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ውስጥ በጥር የተወጠረ ከበሮ በሐምሌ ሌላ ከበሮ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በጉዞ ላይ ግን ይህ ለውጥ በአንድ ቀን ውስጥ ይደርሳል። የአውሮፕላን ጓዳ አየር እርጥበቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው፤ ጅዳ ወይም ዱባይ ሲወረድ የባሕሩ ወበቅ ይቀበላል፤ ከዚያ ወደ ቀዘቀዘው አዳራሽ ሲገባ አየሩ እንደገና ደረቅ ይሆናል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት የቤት ውስጥ ማሞቂያ ቆዳን እስከ መሰንጠቅ ያደርቀዋል። የፍየል ቆዳ ስስ በመሆኑ ድምፁ የጠራ ነው፤ ለውጡንም ቶሎ ያሳያል። የበሬ ቆዳ ይዘገያል፣ ሲረግብም ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱም አፍ በእንስሳ ቆዳ ከሆነ እኔ ለጉዞ ከበሮ ሰፊውን አፍ በበሬ፣ ጠባቡን በፍየል ቆዳ ማስወጠር እመርጣለሁ፤ የቀጭኑ ድምፅ ጥራት መድረክ ላይ ከሩቅ የሚሰማው በዚህ ነው።

ሰው ሠራሽ ቆዳን በሚመለከት በባልደረቦቼ መካከል ጠንካራ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው ሬሞ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ከፖሊስተር የሚሠራቸው የከበሮ ቆዳዎች የእንስሳ ቆዳን መልክና ድምፅ ለመቅረብ ብዙ ርቀት ሄደዋል፤ እርጥበትም ሆነ ድርቀት እምብዛም አይነካቸውም። ለጠባቡ አፍ ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሰፊው አፍ ላይ ግን የበሬ ቆዳ የሚሰጠው፣ ከመዳፍ ሥር ተነሥቶ ደረት ውስጥ የሚገባው ወፍራም ድምፅ ሳስቶ ብረት ብረት ይላል፤ እጅም ቶሎ ይለበልባል። ስለዚህ ጠባቡን በሰው ሠራሽ፣ ሰፊውን በበሬ ቆዳ አድርጎ መጓዝ ሚዛናዊ ምርጫ ይመስለኛል፤ በተለይ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ለሚጓዝ።

ቆዳው ምንም ቢሆን መንገድ ላይ የሚያድነው ማላላትና ማጥበቅ መቻሉ ነው፤ የብሎንና የቀለበት ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከክብ ብረት፣ ማለትም ከስምንት ወይም ከአሥር ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ፣ ከአፉ ትንሽ ሰፋ ያሉ ሁለት ቀለበቶች ይበየዳሉ። የራሰው ቆዳ በአንደኛው ቀለበት ላይ ተጠቅልሎ በአፉ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ቀለበት ከላዩ ይጫነዋል፤ ከዚህኛው የሚወርዱ መንጠቆ ብሎኖች በቀፎው ላይ ከታሰሩ የላሜራ ጆሮዎች ጋር በዳዶ ይያያዛሉ። ለሰፊው አፍ ስምንት፣ ለጠባቡ ስድስት ብሎን ይበቃል። ምናለሽ ተራ ያሉ የብረት ባለሙያዎች ከዚህ እጅግ የሚከብድ ነገር ከአሮጌ ብረት ሲሠሩ ይውላሉ። ሆኖም ሦስት ነገሮች ካልተጠበቁ ሥራው ይበላሻል። ቀለበቱ ቀለም ካልተቀባ ወይም በጨርቅ ካልተጠቀለለ የራሰው ቆዳ ያዝገዋል፣ ዝገቱም መልሶ ቆዳውን ይበላዋል። ጆሮዎቹ የሚታሰሩበት የቀፎ ክፍል ከውስጥ በቀጭን ላሜራ ካልተደገፈ ብሎኑ ሲጠብቅ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ቆዳውም ገና እርጥብ ሳለ በኃይል ከተወጠረ ሲደርቅ በራሱ ይቀደዳል፤ በጥላ ሥር ለቀናት ቀስ ብሎ ሊደርቅና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሊጠብቅ ይገባል።

የብሎን ጥቅሙ ሁለቱን አፎች ለየብቻ መቃኘት ማስቻሉ ነው። በጠፍር በተጠላለፈ ከበሮ አንዱን ስታጠብቅ ሌላውም ይጠብቃል። ጉዳቱ ደግሞ ክብደቱ ነው። ይህ ለከበደው ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ ጀምቤ የተባለው የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ ሠሪዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እንዳደረጉት ቆዳውን በቀለበት ይዞ፣ ጠፍሩን በማይለጠጥ ቀጭን ጠንካራ ገመድ መተካት ይቻላል። ገመዱ እንደ ጠፍሩ ስለሚጠላለፍ የከበሮው መልክ አይለወጥም፤ ክብደቱም ብዙም አይጨምርም። ከኪቦርድና ከሳክስፎን ጋር በአንድ ቅኝት መግባት ለሚኖርበት የመድረክ መቺ ብሎኑን፣ ለሠርግ አንግቶ ለሚጫወት ገመዱን እመክራለሁ። ሁለት ከበሮ ይዞ መሄድ ለሚያስፈልገው ግን ብሎኑ ሌላ ጥቅም አለው። ቀፎው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ፣ የትልቁ ሰፊ አፍ ከነቀለበቱ ቢፈታ ትንሹ ከበሮ ውስጡ ይገባል። ቆዳው ግን ያለ ውጥረት ብዙ ቀን ከቆየ ይጣመማል፤ እንደ ደረሱ ወዲያው መልሶ መግጠም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የማነሣው ነገር ከድምፅም ይበልጣል፤ ስለ ጤና ነው። ከአፍሪካ የተወሰደ ያልለፋ ቆዳ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያደረሰበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒውዮርክ ከምዕራብ አፍሪካ ያመጣውን የፍየል ቆዳ እየፋቀ ከበሮ የሚሠራ ሰው በሳንባ አንትራክስ፣ እኛ አባ ሰንጋ በምንለው በሽታ ታሞ ለጥቂት ዳነ። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ፣ በ2008 ደግሞ በለንደን ከከበሮ ቆዳ ጋር በተያያዘ ሁለት ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። የአባ ሰንጋ ተሐዋስ በደረቀ ቆዳና በፀጉር ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በሽታው በአገራችን ከብቶች ላይ የሚታይ በመሆኑ ከበሮ ሠሪዎቻችን ሊያስቡበት የሚገባው በመጀመሪያ ለራሳቸው ነው፤ ቆዳው ሲፋቅ የሚነሣውን ብናኝ ቀድመው የሚተነፍሱት እነርሱ ናቸውና። ሞቶ ከተገኘ ከብት የተገፈፈ ቆዳ ለከበሮ ሊውል አይገባም፤ በቄራ በእንስሳት ሐኪም ታይቶ ከታረደ ከብት የተገኘ ብቻ ይሁን። ሲፋቅም ቆዳው እርጥብ ይሁን፣ አፍና አፍንጫም ይሸፈን።

ለተጓዡም ይህ ትርጉም አለው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የእንስሳ ቆዳ ያለበትን ማንኛውንም ዕቃ በመግቢያ ቅጽ ላይ እንዲገለጽ ያስገድዳሉ፤ ሌሎች አገሮችም ያልለፋ ቆዳን በጥርጣሬ ያያሉ። በጠርዙ ላይ ፀጉር የቀረበት፣ እንጨቱ የነቀዘ ወይም ጭቃ የነካው ከበሮ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ለጉዞ የሚሆን ከበሮ ሲታዘዝ ፀጉሩ እስከ ጠርዙ ድረስ ተፍቆ እንዲወጣ፣ ቀፎው ከውስጥም ከውጭም ቨርኒሽ እንዲቀባ ማዘዝ ይገባል። የሚሄዱበትን አገር ደንብ ቀደም ብሎ ከኤምባሲው ወይም ከጉምሩኩ መጠየቅ፣ ከበሮውንም ሳይደብቁ ማስመዝገብ ከሁሉ ይበልጣል። ብሎን ያለው ከበሮ እዚህም ይረዳል፤ አጠራጣሪ ወደሆነ አገር ሲኬድ ሁለቱንም አፍ በሰው ሠራሽ ቆዳ ለውጦ መሄድ ይቻላልና።

የአውሮፕላኑን ነገር ባጭሩ ልናገር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የአቪዬሽን ሕግ መሠረት የአገሪቱ አየር መንገዶች ትንንሽ የሙዚቃ መሣሪያዎችን፣ በመቀመጫው በላይ ባለው መደርደሪያ ወይም በመቀመጫው ሥር ከገቡና በሚገቡበት ጊዜ ቦታ ካለ፣ ወደ መንገደኞች ክፍል እንዲያስገቡ ይገደዳሉ። አታሞ የምንላት ትንሿ ከበሮ በዚህ ልትስተናገድ ትችላለች፤ ያልኩት የ35 ሴንቲ ሜትሩ ግን ወደ ጭነት ክፍል የሚገባ ነው። ከመሸኘቱ በፊት እያንዳንዱን ብሎን በተራ፣ እየተሻገሩ፣ አንድ አንድ ዙር ማላላት፤ ጠፍር ያለው ከሆነ ደግሞ በጠፍሩና በቀፎው መካከል የሚገቡትን ሽብልቆች ማውጣት ይጠቅማል። በቀፎው ጎን የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ማስበሳትንም እመክራለሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የአውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊት ለከበሯችን እንግዳ አይሆንበትም፤ ለውጡ የሚመጣው ባሕር ጠረፍ ሲወረድ ነው፤ ታሽጎ የተቀመጠውም አየር በዚያች ቀዳዳ ይስተካከላል። ማሸጊያው ከወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ ስፖንጅ የገባበትና ዙሪያውን ዚፕ ያለው ቢሆን ይበቃል፤ የሁለቱ አፎች ላይ ግን እንደ ቆዳው ስፋት የተቆረጠ የኮምፖርሳቶ ክዳን ሊደረግ ይገባል፤ ቆዳ በአብዛኛው የሚወጋው በሌላ ሻንጣ ጥግ ነውና።

ከተደረሰ በኋላ ከበሮውን በአዳራሹ አየር ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሳይነኩ ማቆየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ይገባል። የረገበን ቆዳ ወደ ማሞቂያ ወይም ወደ እሳት አስጠግቶ ማሞቅ ልማዳችን ቢሆንም፣ ሙቀቱ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚመጣ ቆዳውን እኩል አያደርቀውም፤ በተደጋጋሚ ሲሆንም አድርቆ ለመሰንጠቅ ያጋልጠዋል። ድምፅ ማጉያን በተመለከተ አንድ ማይክሮፎን ለሁለት አፍ አይበቃም። ሰፊው አፍ ለብቻው፣ ጠባቡም ለብቻው ማይክሮፎን እንዲኖረው ዝግጅቱን ከሚያሰናዳው ሰው ጋር ከመጓዝ በፊት በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። አንግተው ለሚጫወቱ ደግሞ በጠርዙ ላይ የሚቆነጠጡ ትንንሽ ማይክሮፎኖች አሉ፤ በብሎን የተሠራ ከበሮ የሚቆነጥጡበት ቀለበት ስላለው ለእነርሱ የተመቸ ነው። ማንገቻው ሰፊና በትከሻ በኩል የተሞላ ይሁን፤ በጠባብ ጠፍር ሌሊቱን ሙሉ ማንገት የብዙ ባልደረቦቼን አንገትና ትከሻ ጎድቷል።

በዚህ ሁሉ ፈንታ ዳርቡካ፣ ጀምቤ ወይም ካሆን የተባለውን የሳጥን ከበሮ ይዞ መሄድ አይቀልም ወይ ለሚለኝ፣ ይቀላል እላለሁ። አምስት ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውና ሰው ተቀምጦበት የሚመታው የፔሩ ካሆን መካከሉ ጎርናና፣ ጠርዙ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ ችክችካንም ይወጣዋል። ነገር ግን መቺውን ከወንበር ጋር ያስረዋል፤ የእኛ ጨዋታ ደግሞ መቺውን በእግሩ ይፈልገዋል። ለሆቴል ለስላሳ ምሽት ካሆን ጥሩ ነው፣ ለሠርግ አይሆንም። ዳርቡካና ጀምቤ አንድ አፍ ብቻ ስላላቸው የሁለቱን እጆች ንግግር ሙሉ በሙሉ አይተኩም።

በመሆኑም ሦስት ወገኖችን እጠይቃለሁ። የቡድን ኃላፊዎች ከጋባዦች ጋር በሚፈራረሙት ውል ውስጥ የከበሮውን ሻንጣ ክፍያ እንደ መብራትና እንደ ድምፅ ማጉያ በግልጽ ያስገቡ፤ ውሉ ላይ ካልሰፈረ በመጨረሻው ሰዓት የሚቀነሰው ከበሮው ነው። የሙያና ቴክኒክ ማሠልጠኛዎች የእንጨትና የብረት ክፍሎች ለመለማመጃ ከሚሠሩት ወንበርና መስኮት መካከል አንድ የከበሮ ቀፎና አንድ ጥንድ ቀለበት ቢጨምሩ፣ ከበሮ ሠሪዎቻችን ብቻቸውን ሊደርሱበት ያልቻሉትን ልኬት ያወጡላቸዋል። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የተለያዩ ቆዳዎችንና ቀፎዎችን ጎን ለጎን አስመትተው ድምፃቸውን ቢቀዱና ቢያነጻጽሩ፣ እኔ እዚህ በልምድ ብቻ የጻፍኩትን የሚያርም ወይም የሚያጸና ነገር ይገኛል። ዝግጅት ክፍላችሁም በባህልና ኪነ ጥበብ ገጹ ለከበሮ ሠሪዎች ቦታ ሰጥቶ፣ ለመንገድ የሚሆን ከበሮ ለመሥራት የሚያግዳቸው ምን እንደሆነ፣ የእንጨቱም የቆዳውም የብረቱም ዋጋ የቱ ላይ እንደሚከብዳቸው ቢጠይቅልን፣ ለሚቀጥለው የጉዞ ወቅት የምናዝዘውን ዐውቀን እናዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ከበሮ መቺ
ከአዲስ አበባ